በር ተዘግቶ የሚወራ ወሬ፦ ወላጅና ልጅን ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ለማነጋገር የሚደረግ ቅስቀሳ

ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና እንዲነጋገሩ የሚቀሰቅስ ዘመቻ ከክትባት ወይም ከመጸዳጃ ቤት ዘመቻ በአንድ ነገር ይለያል። ክትባቱን ባለሙያ ይሰጠዋል፤ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ጎረቤት ሲቆፈር ያየዋል። ይህኛው ግን እናትና ልጅ ሽንኩርት እየላጡ፣ አባትና ልጅ ከብት ይዘው እየተመለሱ የሚያወሩት ወሬ ነው። መወራቱንም አለመወራቱንም ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ማንም የማያየውን ነገር በአደባባይ መቀስቀስ እንዴት ይቻላል የሚለው ጥያቄ የዘርፉን ሥራ ሁሉ ሲፈትን ኖሯል።

በኢትዮጵያ፣ በተለይ በደጋው ክፍል፣ ስለ ወሲብ ጨርሶ አይወራም የሚለው አባባል ልክ አይደለም። በቆየው የሠርግ ልማድ የሙሽራዪቱ ድንግልና ሲረጋገጥ የብር አምባሩ ምልክት የሆነው ጨርቅ በሚዜዎች እጅ፣ በጭፈራና በእልልታ፣ ወደ ወላጆቿ ቤት ይሄዳል። መንደሩ በሙሉ ስለ አንዲት ልጅ ገላ በግልጽ ይዘፍናል። ልጅቱ ግን ለዚያች ሌሊት የምትደርሰው ስለዚያው ገላዋ አንድም ነገር ሳይነገራት ነው። እንግዲህ በባህሉ የጎደለው ቀድሞ የሚሰጥ መረጃ ነው፤ ውጤቱ ላይ የሚሰጥ ፍርድማ ሞልቷል። ለልጅ የሚደርሰውም የፍርዱ ቅንጭብ ነው፦ «ከወንድ ጋር እንዳላይሽ»፣ «አርፈህ ተቀመጥ»፣ «ነውር!»

ሌሎች ማኅበረሰቦች ችግሩን በሌላ መንገድ ፈተውታል። በኡጋንዳ በቡጋንዳ ሕዝብ ዘንድ ልጃገረድን ስለ ሰውነቷና ስለ ትዳር የምታስተምረው የአባቷ እኅት ናት፤ ሴንጋ ትባላለች። ሥራው የአክስት ስለሆነ እናት ከመሳቀቅ ትድናለች። በደጋው ኢትዮጵያ ይህን ኃላፊነት በስም ተለይቶ የተሸከመ ዘመድ የለም። ሚዜ አለ፣ የነፍስ አባት አለ፤ ሁለቱም የሚደርሱት ነገሩ ከሆነ በኋላ ወይም ሊሆን ሲል ነው።

ነገሩ የሚሆንበትን ጊዜ አሐዞች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ የመጀመሪያው ግንኙነት መካከለኛ ዕድሜ 16.6 ዓመት ነበር። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች 13 በመቶ ያህሉ ወልደዋል ወይም በወቅቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር። ሕጉ በበኩሉ አቋሙን ከለየ ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 ዓመት አድርጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል፤ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ያልሞላት ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት እስራት። ንግግሩ እንዲጠቅም ከተፈለገ እንግዲህ ልጁ ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ መጀመር አለበት። ብዙ ወላጅ ደግሞ «ገና ሕፃን ነው» የሚልበት ዕድሜ ይኸው ነው።

በድሬዳዋና በደብረ ማርቆስ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል፤ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ከወላጅ ጋር ተወያይተናል ያሉት 37 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሴት ልጅ ከተናገረች ለእናቷ ትናገራለች። አባት ብዙ ጊዜ ከጨዋታው ውጭ ነው። ከእናትም ከአባትም ይልቅ የሚመረጠው ጓደኛ ነው፤ ጓደኛው ደግሞ የሚያውቀው ጠያቂው የሚያውቀውን ያህል ነው።

ወላጆች ለዝምታቸው ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ። አንደኛው «ከነገርኩት ዓይኑን እከፍተዋለሁ» የሚለው ነው። ይህ ስጋት ተመርምሮ መልስ አግኝቷል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው መመሪያ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶችን አገናዝቦ፣ ስለ ወሲብ የተስተካከለ ትምህርት ማግኘት ልጆች ግንኙነት የሚጀምሩበትን ዕድሜ እንደማያፈጥን ደምድሟል። ሁለተኛው ምክንያት «ምን ብዬ ልጀምር?» የሚለው ነው። ለዚህኛው ጥናት ጠቅሶ መመለስ አይቻልም፤ ጥያቄው የቃል ጥያቄ ነውና።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አጥቶ አያውቅም፤ ችግሩ ቃላቱ የተከፋፈሉ መሆናቸው ነው። አንዱ ወገን የስድብ ነው፤ በመንገድ የሚሰማ፣ በቤት ቢደገም በጥፊ የሚያስመታ። ሁለተኛው የቤተ ክህነት ነው፤ «ሩካቤ» ከግእዝ የመጣ የተከበረ ቃል ቢሆንም የአሥር ዓመት ልጅ አይገባውም። ሦስተኛው የቢሮና የጤና ጣቢያ ነው፦ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት»፣ «የአባላዘር በሽታ»፣ ራሱ «ሥነ ተዋልዶ ጤና»። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ «ሥነ ተዋልዶ» የምትል እናት ብትኖር ከስብሰባ የመጣች ነው የምትመስለው። «ጨብጥ» እና «ቂጥኝ» ሁሉም የሚያውቃቸው የበሽታ ስሞች ናቸው፤ ነገር ግን ለምክር ሳይሆን ለማዋረድ ሲውሉ ስለኖሩ አፍ ላይ ይከብዳሉ። ቤት ውስጥ የሚቀረው ታዲያ «እዚያ ቦታ»፣ «እሱ ነገር» ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት አይከፋም። «ብልት» የሚለው ቃል ለዚህ ጉዳይ ሲነሳ የሚያሳፍረውን ያህል፣ ዶሮ ሲሠራ አያሳፍርም። ባለሙያ ሴት አሥራ ሁለቱን ብልት አሳምራ ስታወጣ ትመሰገናለች፤ ልጇም አጠገቧ ቆማ ትማራለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙም በመሠረቱ «የአካል ክፍል» ነው። «የወር አበባ»ም ቃል በቃል ሲታይ እንኳን ሊያሳፍር፣ ውብ ስም ነው። ነውሩ ከቃሉ አልመጣም፤ ቃሉ ከሚነገርበት ቦታና ከተናጋሪው መጣ። ልምድ ያላቸው አወያዮች የወላጆችን ሥልጠና የሚጀምሩት በዚህ ነው። ተሳታፊዎች የሚያውቋቸውን ስሞች ሁሉ፣ የስድቡንም ጭምር፣ እንዲጠሩ ይደረጋል፤ መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ክርክር። በመጨረሻ ቡድኑ ቤቱ ይዞ የሚሄደውን ቃል ራሱ ይመርጣል። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም ቁም ነገር አለው፦ የገላውን ክፍል ስም የማያውቅ ሕፃን ጥቃት ቢደርስበት ምን እንደሆነ መናገር አይችልም። «አመመኝ» ብሎ ይቀራል።

ዝምታውን መጀመሪያ የነቀነቀው ኤች አይ ቪ ነው። ቫይረሱ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1984 መኖሩ ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታዩት በ1986 ነው። የቀደሙት ዘመቻዎች ያተኮሩት በአዋቂው ላይ ነበር፦ መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም። ልጆቹን ያገኛቸው የትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብና ሚኒ ሚዲያው ነው። በዕረፍት ሰዓት ስለ ኮንዶም በድምፅ ማጉያ የሰማ ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ ስለ ኮንዶም የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። በ952 ይገኝ የነበረው ወገን የተባለው የኤድስ የስልክ መስመር ይህን ባዶ ቦታ ከሞሉት አንዱ ነው። ስሙን ሳይናገር፣ ፊቱ ሳይታይ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ያላቀረበውን ጥያቄ ለማያውቀው ድምፅ አቀረበ። እንዲህ ያለው አገልግሎት ብዙ ሕይወት ሊጠቅም ይችላል፤ የቤቱን ዝምታ ግን እንደነበረ ይተወዋል።

ሬዲዮ ወደ ቤት ለመግባት የተሻለ ዘዴ ነበረው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለ ድርጅት ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ በአማርኛ ተላለፈ፤ 257 ክፍሎች ነበሩት። በአፋን ኦሮሞም «ዲምቢባ» የተባለ ሌላ ድራማ ነበር። የአሠራሩ ጥበብ ከሜክሲኮው የቴሌቪዥን ሰው ከሚጌል ሳቢዶ የተወሰደ ነው። በታሪኩ ውስጥ መልካሙን የሚይዝ፣ ክፉውን የሚይዝ፣ በሁለቱ መካከል የሚወላውል ገጸ ባሕርይ ይኖራል፤ አድማጩ ራሱን የሚያገኘው በወላዋዩ ውስጥ ነው። አዘጋጆቹ ወደ 15,000 የሚጠጋ ደብዳቤ ደረሳቸው። በተደረገው ግምገማ፣ ድራማውን ካልሰሙት ጋር ሲነጻጸሩ የሰሙ ወንዶች በአራት እጥፍ፣ የሰሙ ሴቶች በሦስት እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ ፈልገው ሄደዋል።

ድራማው ለወላጅና ለልጅ ያደረገው ውለታ በአሐዝ አልተያዘም፤ ግን ከባሕርይው መገመት ይቻላል። ሬዲዮ ባንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚሰማው ነገር ነው። ድራማው ሲያልቅ እናት ስለ ልጇ ገላ መናገር የለባትም፤ ስለ ታሪኩ ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ስለ ፍቅርተ ታወራለች። «አንቺ» ለማለት የሚከብደው አፍ «እሷ» ለማለት አይከብደውም። ተረት በእሳት ዳር ሲሠራ የኖረውም ሥራ ይኸው አይደል?

ሬዲዮው ግን መልስ አይቀበልም። ያንን ክፍተት የሞላው «የማኅበረሰብ ውይይት» የሚባለው አሠራር ነው፤ በኢትዮጵያ ከሠሩት ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው በከምባታ የተጀመረው ነው። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር የመሠረቱት ኬ ኤም ጂ የተባለው የከምባታ ሴቶች ድርጅት ሴት ልጅ ግርዛትን፣ ጠለፋንና ኤች አይ ቪን አንስቶ ሠራ። አጀማመሩ ብዙ ጊዜ ይተረካል፦ ቦጋለች በአደባባይ ስለ ኤች አይ ቪ ሲናገሩ የአገሬው ሽማግሌዎች መጀመሪያ የፈለጉት ድልድይ ነበር። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ጆሮ የተሰጣቸው። ሴትየዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያርፉ ከአካባቢያቸው አልፎ በዓለም የታወቁ ነበሩ።

የውይይቱ አካሄድ ቀላል ይመስላል። የመንደሩ ሰዎች፣ ሴትም ወንድም፣ ሽማግሌም ወጣትም፣ በየጊዜው ይሰበሰባሉ፤ አንድ ሴትና አንድ ወንድ አወያይ ሆነው ይመሩታል። አወያዮቹ ከሌላ አገር የመጡ አይደሉም። ሥራቸው ማስተማር ሳይሆን መጠየቅ ነው፦ ይህ ልማድ ከየት መጣ፣ ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ። ለወራት እንዲህ ይቀጥላል። በመጨረሻ ማኅበረሰቡ ራሱ ይወስናል፤ ውሳኔውም በአደባባይ ይታወጃል። በከምባታ ያልተገረዘች ሙሽራ በሠርጓ ቀን አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ለብሳ፣ ሙሽራውም ይህን አውቆ እንዳገባት የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ በሕዝብ ፊት ቆመዋል። በሠርግ ላይ ሰው ሁሉ የልጅቱን ገላ ሲያወድስ ወይም ሲያዋርድ ለኖረበት አገር ይህ ልማዱን በገዛ መድረኩ መገልበጥ ነው። በዞኑ የግርዛት ድጋፍ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ እጅግ አሽቆለቆለ።

ይህ ምሳሌ የዘርፉን ዋና ነገር ያሳያል። ወላጅን ዝም የሚያሰኘው ልጁን መፍራት ሳይሆን ጎረቤትን መፍራት ነው፤ «ሰው ምን ይላል?» የሚለው። እናት ብቻዋን ብትሠለጥን ቤቷ ስትገባ ፍርሃቷን ይዛው ትገባለች። ጎረቤቶቿም እንዳወሩ፣ የዕድሩ ዳኛ ሚስትም ልጇን እንደመከረች ስታውቅ ግን ፍርሃቷ የሚቆምበት ነገር ያጣል። ስለዚህ የዘመቻው መለኪያ ቤት ሳይሆን መንደር ነው፤ ጥቂት ቤቶችን መርጦ ጠለቅ ብሎ ማሠልጠን የሚመርጡ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው።

በአማራ ክልል ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቀው ሞሰቦ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ሌላ መላ ጨመረበት። ልጃገረዶች በታላላቅ ሴቶች መሪነት በቡድን ይገናኛሉ፣ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸዋል፤ ወላጆች በማኅበረሰብ ውይይት ይሳተፋሉ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች ደግሞ ለማርባት የሚሆን እንስሳ ይሰጣል። ገበሬ ልጁን የሚድረው በጭካኔ ሳይሆን በስሌት ስለሆነ፣ ምክሩ ስሌቱን የሚነካ ነገር አስከትሎ መጣ። ግምገማው ሁለት ነገር አገኘ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ለውጡ ትልቅ ነበር፤ የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ያገቡት ይበልጥ ነበር። ጋብቻው አልቀረም፤ ተገፋ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ሦስትና አራት ዓመት መግፋት ቀላል ነገር አይደለም።

የማውራቱን ክህሎት ለይቶ የያዘው «ፋሚሊስ ማተር» የተባለው የወላጆች ሥልጠና ነው። በምዕራብ ኬንያ ተሞክሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተሻገረ። ከ9 እስከ 12 ዓመት ልጆች ያሏቸው ወላጆች ለአምስት ሳምንት በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ሰዓት ይሠለጥናሉ፤ እንደ ትያትር አንዱ ልጅ፣ አንዱ ወላጅ ሆኖ ይለማመዳል። በአምስተኛው ሳምንት እውነተኛው ልጅ ይመጣና ወሬው እዚያው፣ አሠልጣኙ ባለበት ይጀመራል። ወላጁ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ሁለተኛው ወሬ ነው። የመጀመሪያው በሰው ፊት አልፏል። በተቃራኒው በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው «ላቭላይፍ» አገሩን በትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሞላው፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እንዲያወሩም ቀሰቀሰ። ሰሌዳዎቹ መነጋገሪያ ሆኑ፤ መልእክታቸው ግልጽ አይደለም ተብለውም ተተቹ። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ግሎባል ፈንድ የተባለው ዓለም አቀፍ ፈንድ የገንዘብ ድጋፉን አቆመ።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ በየቀበሌው የተሸከመችው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የተሰማራችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በመጀመሪያው ዝርዝር ከነበሩት 16 የሥራ ፓኬጆቿ አንዱ የአፍላ ወጣቶች ሥነ ተዋልዶ ጤና ነበር። ያለችበት ቦታ ግን ያስቸግራታል፦ በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት የተመለመለችው ብዙ ጊዜ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች፣ የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰውዬ «እንዴት ነዎት አባባ?» ብላ ስታበቃ ከልጃቸው ጋር ስለ ግንኙነት ያወሩ እንደሆነ መጠየቅ ሊኖርባት ነው። ስለ ክትባትና ስለ እርግዝና ክትትል ማውራት ይቀላታል፤ በሪፖርቱም የሚቆጠረው እሱ ነው። ቄሱ ወይም ሼኩ በጉዳዩ ላይ አስቀድሞ አንድ ቃል ከተናገረ ሥራዋ ግማሽ ይቀልላታል፤ ለዚህም ነው ዘመቻዎች የሃይማኖት አባቶችን መጀመሪያ የሚይዙት።

የቡና ሥርዓቱም ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ የተመቸ መድረክ ነው ተብሎ በብዙ ዘመቻ ተመርጧል። እውነት ነው፤ ለእናቶች ተመችቷል። አባቶች ግን እዚያ ብዙም አይገኙም። እነሱን የሚያገኛቸው ዕድር፣ ገበያና የደጀ ሰላም ስብሰባ ነው፤ ስለ ወንድ ልጅ የሚነገረውም ነገር ስለ ሴቷ ከሚነገረው እጅግ ያንሳል። ወንድ ልጅ «አያረግዝም»ና።

ለመጀመር ከሁሉ የሚቀልለው ርእስ የወር አበባ ሆኖ ተገኝቷል። የማይቀር ነው፣ ቀን አለው፣ በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም፤ መፍትሔውም በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። ፍረወይኒ መብራህቱ በመቐለ ባቋቋሙት ማርያም ሳባ በተባለው ፋብሪካ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል ንጽሕና መጠበቂያ ሲያመርቱ፣ ከሽያጩ ጎን ለጎን ለሴቶቹም ለወንዶቹም ተማሪዎች ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2019 በሲ ኤን ኤን «የዓመቱ ጀግና» አሰኝቷቸዋል። መጠበቂያውን ለልጇ የምትገዛ እናት ስለ አጠቃቀሙ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገሯ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥያቄ ከልጅቱ ይመጣል።

በስደት ያለው ቤት ደግሞ ችግሩን በሌላ ጎኑ ያየዋል። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ ስለ ገላው የተማረው በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ነው፤ ወላጁ የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት በአማርኛ ናቸው። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ወላጅ ልጁ በዚህ ትምህርት እንዳይካፈል በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ፊርማውን አኑሮ ልጁን ከክፍል ያስወጣ አባት በምትኩ ራሱ የማስተማር ግዴታ እንደገባ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም።

የዘመቻዎቹ ውጤት የሚለካው በመጠይቅ ነው፤ መጠይቁም ያታልላል። ወላጅና ልጅ ለየብቻ ሲጠየቁ ወላጁ «ተወያይተናል» የሚለው ከልጁ ይበልጣል። ወላጁ «ተጠንቀቅ» ያለውን እንደ ውይይት ይቆጥረዋል፤ ልጁ እንደ ቁጣ። ስለዚህ በጥንቃቄ የሚሠሩ ጥናቶች ሁለቱንም ይጠይቃሉ፤ ምን ርእስ፣ ስንት ጊዜ፣ ማን ጀመረው ይላሉ። ይህን ለማወቅ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ገንዘቡ ግን ዓመታት አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሬዲዮ ድራማና በሙዚቃ የተጀመረው «የኛ» በብሪታንያ ጋዜጦች መሣለቂያ ከሆነ በኋላ የዚያው አገር መንግሥት በ2017 መጀመሪያ የገንዘብ ድጋፉን አነሣ። ፕሮጀክት ሲዘጋ አብረው የሚሄዱት መኪናውና ደመወዙ ናቸው። የተሠለጠኑት አወያዮች እዚያው መንደራቸው ይቀራሉ፤ ስብሰባውን ያለ አበል ይጠሩት እንደሆነ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው።